የውሻ ዘር ቆጣሪው

የጉድጓድ ውኃ የሌለው መንደር ሊኖር ይችላል፤ የውሻ ዘር ቆጣሪ የሌለው መንደር ግን በመላው ቦትስዋና ተፈልጎ አይገኝም። የእኛው ክቡር ራ ኬላፒሌ ነበሩ። «ራ» አባት ማለት ሲሆን፣ ስማቸው በአገራችን ቋንቋ «ደከመኝ» ማለት ነው፤ ስም አውጪው ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ለመረዳት አንድ ጠዋት እሳቸውን መከተል ይበቃ ነበር።

ሲቀመጡ ያየ የለም። የማሽላ ገንፏቸውን እንኳ የሚበሉት ቆመው፣ ዓይናቸውን ከአጥር ውጭ ልከው ነው። የእገሌ ውሻ ወለደች ሲባል ገንፎው እዚያው ይቀራል። ከቤቱ ደርሰው ቡችሎቹን አንድ በአንድ ይገለብጣሉ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው ይፈርዳሉ።

«እናቲቱ ቡላ፣ የጎረቤቱም ውሻ ቡላ። ታዲያ ይህ ጥቁር ከየት መጣ? አባቱ ወንዝ ማዶ ነው!»

አንድ ጊዜ የሙሽራው ወገኖች ሽማግሌ ሆነው መጥተው ስለ ጥሎሽ ከብት ሲነጋገሩ፣ ራ ኬላፒሌ ብድግ ብለው «ይቅርታ፣ ያ ነጭ ደረት ያለው ውሻ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«ራ ኬላፒሌ፣ እኛ እኮ የመጣነው ልጅቷን ልንጠይቅ ነው!» አለ የሙሽራው አጎት ተቆጥቶ።

«ጠይቁ፤ ማን ከለከላችሁ? እኔ የውሻውን ልጠይቅ።»

የሁልጊዜ ንግግራቸው «ጥቁር ደባቂ ነው!» የሚል ነበር። ጥቁር ጠጉር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሥሩ ሽንትር፣ ማለትም ጥቁር መስመር የተሰመረበት ቡላ፣ ወይም ንጹሕ ቡላ ተኝቶ ይኖርና በልጁ ላይ ይነቃል። በገላው ላይ ጣል ጣል ያለው ነጭ ጥፍጥፍ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ካልተጠራ አይመጣም። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ይህንኑ ነገር በአተር ያስረዳን ነበር፤ ግን አተር አይናከስም፣ የሚያስታውሰውም አልነበረም።

ማ ሞሳዲ የምትባል በመንደሩ ዳርቻ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ነበረች። ቡላ ውሻዋ አንድ ቡችላ ወለደች፤ ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቁር ሽንትር ያለበት ቡላ ጥፍጥፍ የተጣለበት፣ ቡራቡሬ። ከብቱ የበዛው ራ ቲዲማኔ ገና ሲያየው ጮኸ።

«ይህማ የተኩላ ዲቃላ ነው! አድጎ ወገኖቹን ይጠራና ጥጃዬን ያስበላል። ዛሬውኑ ይገደል!»

ነገሩ ከመንደሩ አለቃ ሸንጎ ደረሰ። ማ ሞሳዲ ቡችላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛው «መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ!» ትላለች። ራ ኬላፒሌ ከወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጡ መጡ።

«የአገራችን ተኩላ ቡራቡሬው የዱር ውሻ ነው፤ ከቤት ውሻ አይዋለድም። አባቱ ያንተው ጥቁር ውሻ ነው፣ ቲዲማኔ!»

«የኔ ውሻ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጥቁር ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«የውሻህ እናት ሽንትራም ነበረች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። ጥቁር ደባቂ ነው እኮ!» አሉና ማስረዳት ጀመሩ። የሸንጎው ዛፍ ጥላ ከወዲህ ወደ ወዲያ ዞረ። ማስረዳቱ ግን አላለቀም። አለቃው አንቀላፉ፤ ሕፃናት ተኙ፤ ቡችላውም ተኛ።

በመጨረሻ አለቃው ነቅተው «ራ ኬላፒሌ፣ ይበቃል። ዋስ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ።»

«በምን?»

«በላሜ።»

ሌላ ላም አልነበራቸውም። አለቃው «ጥጃ ከጠፋ ወይ ላሟ ትሰጣለች፣ ወይ ውሻው ይሞታል» ብለው በየኑ።

ውሻው አደገ። ጥጃ መብላት ቀርቶ ዶሮ ሲያይ ከማ ሞሳዲ ቀሚስ ሥር የሚገባ ፈሪ ወጣው። በደረቁ ወራት ግን የራ ቲዲማኔ ጥጃ ጠፋ። ጠዋት ዱላውን ይዞ ወደ ማ ሞሳዲ ቤት ሊወርድ ነው ተባለ። እኔም ስሰማ እየሮጥኩ ስወጣ፣ ራ ኬላፒሌ ላማቸውን በገመድ እየጎተቱ ወደ ራ ቲዲማኔ በረት ሲጣደፉ አገኘኋቸው። አፋቸው ዝግ ነበር። በሕይወቴ ዝም ብለው ሳያቸው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው፤ ደነገጥኩ።

«ምነው አባባ፣ ውሻው እውነትም ተኩላ ነበር እንዴ?»

«የለም። ውሻው ምንም አላደረገም። ጥጃው ከውኃ ጥም የተነሣ ርቆ ሄዷል።»

«ታዲያ ይህን አያስረዷቸውም?»

ፊታቸውን ላብ እንዳጠመቀው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ የኔን ማስረዳት እኮ ታውቀዋለህ። እስክጨርስ ይገድሉታል።»

ላሟ አልሄድም ብላ ቆመች። እኔ ከኋላ ገፋሁ፣ እሳቸው ከፊት ሳቡ። ጥቂት እንደ ሄድን አላስቻላቸውም፤ ስለዚያ ጥጃ እናት ቀለም ያስረዱኝ ጀመር። እኔም እየገፋሁ፣ በረቱ ትንሽ ራቅ ብሎ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።