ሟች የሌለው ለቅሶ

በሐይቅ ከተማ ሴት ልጅ በማለዳ ፈጥና የምትራመደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ካላመናችሁኝ ነገ ነጠላ ጣል አድርጋችሁ ወደ ሐይቁ ፈጠን ፈጠን በሉና ከኋላችሁ የሚከተለውን ሕዝብ እዩ...

እኔን እዚህ ጉድ ውስጥ የከተተኝ እንቁላሌ ነው። የዶሮ እንዳይመስላችሁ፣ የራሴ ነው። የወር አበባዬ ጠፍቶ ወራት ሲያልፉ፣ አገጬ ላይም ባለቤቴ የሚቀናበት ፂም ብቅ ብቅ ሲል ደሴ ሄጄ ተመረመርኩ።

«ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ እንቁላልሽ በጊዜው አይወጣም ማለት ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሽ፤ በየቀኑም ፈጠን ብለሽ ተራመጅ። ብዙ ሴቶችን ይረዳል።»

ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ተራራ ግፊ ብትለኝም እገፋ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወጣሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

«አንች፣ በደህና ነው?»

«ደህና ነው እትዬ» አልኩ እያለከለክሁ።

እያለከለከ ደህና ነው የሚል ሰው ማን ያምናል? እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉኝ። እሳቸውን ያዩት እትዬ አስካለም ተከተሉ። እሳቸውን ያዩት ደግሞ... ሐይቁ ዳር ደርሼ ዞር ስል የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከኋላዬ ነው።

«ድንኳኑ የት ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የምን ድንኳን?»

«ያ አላህ፣ ለሷም አልተነገራትም» ብለው እትዬ ዘሃራ ደረታቸውን መቱ።

ከዚያማ ለቅሶው ቀለጠ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ትንሽ አለቀስኩ። በኋላ ግን ጨንቆኝ እውነቱን ተናገርኩ፦ ማንም አልሞተም፣ የምራመደው ልጅ እንድወልድ ነው።



«ልጅ በእግር ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ እትዬ አስካለ።

እትዬ ዘሃራ እንባቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ከሆነማ ወላሂ ብቻሽን አትሄጅም» አሉ።

ችግሩ ግን የተከበረች እናት ያለ ምክንያት መንገድ ለመንገድ አትዞርም። ስለዚህ በየማለዳው ሟች ያስፈልገን ጀመር። እትዬ አስካለ አምባሰል፣ ውጫሌ ያሉ ዘመዶቻቸውን በሙሉ ቀበሩ፤ ባለቤታቸው «በአምባሰል ሰው ተርፏል?» እስኪሉ ድረስ። ለቅሶ ያለ ንፍሮ አይሆንም ተብሎም የሽምብራ ንፍሮ በየተራ እንቋጥር ነበር። ከዳቦና ከስኳር ሻይ የገላገለኝ እሱ ነው።

እንዲህ ስንል ከርመን፣ አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። ከሰው ግቢ ሽንት ቤት ገብቼ አይቼ ወጣሁና ለእትዬ ዘሃራ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው፦ የጠፋው የወር አበባዬ መጣ። ልጁ ገና ነው፤ በሩ ግን ተከፈተ።

«አልሃምዱሊላህ» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ሌሎቹም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተቀበሏቸው። ያን ዕለት የምሬን አለቀስኩ።

አንድ ባለባጃጅ አጠገባችን ቆመና የኔን እንባና የነሱን እልልታ እያፈራረቀ አየ።

«እናቶች» አለ በመጨረሻ፣ «ሟቹ ምን በድሏችሁ ነው?»