እስቲ-ሙሌሽን

እኔ ረሳሁ የሚባል ነገር አላውቅም። የተወለድኩ ቀን አዋላጇ ምን ለብሳ እንደነበር ጠይቂኝ፤ ነጭ ነጠላ፣ ጠርዙን ትንሽ ቅቤ የነካው። ስለዚህ ሐያት ልጄ፣ የአያትሽን ነገር ከእኔ እንጂ ከአጎትሽ ከከማል እንዳትሰሚ። እሱ ያሳጥረዋል።

አንዳንድ ቃል እንደ አየር ጤና ታክሲ ነው፤ ሞላ ስትይ ሌላ ሰው ይጭናል። "ማነቃቃት" የሚሉት አንዱ ነው። ቴሌቪዥን ስከፍት ኢኮኖሚው ይነቃቃል። የጎረቤቴ የወርቄ ጸሎት ቤት የመነቃቃት ፕሮግራም ሲኖር፣ ድምፅ ማጉያው ወደኛ ስለዞረ እኛም በግድ እንነቃቃለን። አሁን ደግሞ መድረክ ላይ እየተንጎራደደ "ትችላላችሁ!" የሚል ወጣት "አነቃቂ" ይባላል። ምን እንደምንችል ግን አይናገርም።

አያትሽ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ መጣ፣ እጁ መጣ፣ አፉ ግን አልመጣም። ስንት ዘመን መርካቶ ምንጣፍ ሲሸጥ ገዢውን በወሬ የሚያደክም ሰው፣ ሦስት ሳምንት ጭጭ! ሳወራ "አጋነንሽ" የሚለኝ ጠፋ። ወላሂ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

ቤቴል ሆስፒታል ወስጄው ያየችው ልጅ እግር ዶክተር "እማማ፣ ስቲሙሌሽን ያስፈልጋቸዋል" አለችኝ። "እስቲ" ብሎ የሚጀምር ቃል ክፉ አይሆንም ብዬ ተቀበልኳት።

"በአማርኛስ?"

"ማነቃቃት ነው። ዝም ብለው በቆዩ ቁጥር አፋቸው እየከበደ ይሄዳል። የሚያነቃቃቸው ሰው አይጥፋ።"

ቤት ገብቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ወርቄ ብድግ አለች። "መነቃቃትማ እኛ ጋ ነው!"

"አንቺ፣ ሐጂን ወርቄ ልታነቃቃው ወሰደችው ብዬ ለመስጊዱ ሰው ልንገር?" ብላት፣ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን።

ከማል ግን አልሳቀም። በማግስቱ ከሰዓት አነቃቂ ይዞ መጣ። ያንን፣ የመድረኩን! ኮቱ ጥብቅ ያለ፤ ጫማው ሹል፣ ልጁ በር ላይ ሳለ ጫፉ ሳሎን ደርሷል። ላዩ መስታወት፣ ሥሩ የዘነበወርቅ ጭቃ።

ቀዩን ምንጣፍ ታውቂው የለ? አያትሽ ከሱቁ ሁሉ መርጦ ያስቀረውን፣ በካልሲ እንኳ ስረግጠው ዓይኑ የሚከተለኝን። ልጁ ከነጫማው ወጣበት። "አባቴ፣ ውስጥዎ ያለው አንበሳ ይነሳ!" ይልና ወዲያ ይሄዳል። "ይችላሉ!" ይልና ወዲህ ይመለሳል። አያትሽ ፊቱ ቀላ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ሁለተኛ ስትሮክ መጣ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣

"ጫ..."

ከማል ወደ አባቱ አፍ ጎንበስ አለ።

"ጫማህን!"

እኔ አለቀስኩ፣ ከማልም አለቀሰ። አነቃቂው እጁን ወደ ጣሪያ ዘርግቶ "ሰማችሁ? ጫማ አሉ! ጉዞ ማለታቸው ነው! ወደፊት!" ይላል።

"ወደ ውጪ ማለቱ ነው" አልኩት፣ በሩን እያሳየሁት።

አሁን በየመድረኩ "ዝም ያሉ ሽማግሌ አናገርኩ" እያለ ያወራል አሉ። ይበል፣ ጭቃው የሱ ነው። ዶክተሯም ስነግራት ሳቀችና "እሱ ነው እኮ! የሚወዱትን ነገር እያነሳችሁ አናግሯቸው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሥራ በሥራ ሆነ። ከማል በቦት ጫማ ይገባል። ወርቄ የሻይ ብርጭቆዋን ምንጣፉ ላይ ዘንበል፣ ዘንበል ታደርጋለች። እስካሁን አምስት ቃል ወጥቶታል። አራቱ ስድብ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ስሜን ግን ገና አልጠራም። ያየኛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይተወዋል።

እና ዛሬ ማታ መልሰሽ ደውይልኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግልሻለሁ። "አባባ፣ ቀዩን ምንጣፍ ለወርቄ ሰጠችብህ እኮ!" በይው። ማን እንደሰጠች እንዳትነግሪው፤ እሱ ይበል። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ "ዘሃራ!" እስኪል እጠብቃለሁ። ስብሰባ አለኝ፣ ደክሞኛል የሚባል ወሬ አልሰማም። ትደውያለሽ!