በካርካዴ የተሠራው ፎቶዬ

ኪሱ ውስጥ ስልክ እያለ ለአንድ ፎቶ አራት ቀን ፀሐይ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ እዚህ ሱዳን፣ ባሕሪ በምትባለው ከተማ ያለችው ጎረቤቴ ሳሚያ ናት። እናቷ የወሎ ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ በፀሐይ ፎቶ የማተሙን ሙያ ግን ማንም አላስተማራትም።

ሰባት ዓመት ላላየችኝ እናቴ ፎቶ ልልክ ብዬ ብጠይቃት፣ ወረቀት ካርካዴ በሚሉት አበባ ቀይ ጭማቂ ነከረች፤ ፎቶዬ የታተመበትን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ደረበችበትና በመስታወት ተጭና ጣሪያ ላይ አሰጣችኝ፤ ፀሐይ ያገኘው ይነጣል፣ የተከለለው ቀይ ይቀራል።

«መቼ ይደርሳል?» አልኳት።

«ፀሐይዋ ስትጠግብ፣ ኢንሻአላህ።»

በአራተኛው ቀን ቀይ ሆኜ ወጣሁ፤ ደግሞ ማማሬ!

«ብርሃን ከበዛበት ይጠፋል፤ እናትሽ ከድና ታስቀምጠው» አለችኝ።

ወደ አገር ቤት ከሚሄድ ሰው ጋር ላክሁት። እናቴም ደሴ ባለው ቤቷ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችኝ። ጎረቤት ሊያየኝ ሲመጣ ክዳኑን ገለጥ እያደረገች ትጮኻለች አሉ፦

«ቶሎ ቶሎ እዩ፣ ልጄ ታልቅብኛለች!»