የጋሽ ሽመክት ወንድማማች ብረቶች

ደህና የሚሠራ መኪና ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ መካኒክ የሌለበት ከተማ የለም። የጅቡቲው የሚገኘው ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሊቀ ካምቢዮ ጋሽ ሽመክት ይባላሉ።

ፋብሪካ የሠራውን ፒካፕ ገና እንዳላለቀ ሥራ ነው የሚያዩት። የአንዱን ካምቢዮ አውጥተው ለሌላው ይገጥማሉ፤ ኃይሉን ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍለውን ትራንስፈር ደግሞ ከሦስተኛ መኪና ያመጣሉ። ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገጥም ሲል መሀላቸው ወፍራም ብረት ቆርጠው ያስገቡና ይፈርዳሉ፦ «ወንድማማች ናቸው! ትንሽ ተኮራርፈው ነው።» ለሶማሌው ደንበኛ «ዋ ዋላሎ» ይሉታል፣ ለፈረንሳዩ «ፍሬር»።

አምና የደንበኛቸውን የሙሰዲቅን ፒካፕ የፊት ድፍረንሻል ገልብጠው ገጠሙት። አራቱም ጎማ ኃይል ሲያገኝ የኋላው ወደፊት፣ የፊቱ ወደኋላ ተሽከረከረ። መኪናው እዚያው ቆሞ አጓራ። ጋሽ ሽመክት ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና «አልተዋወቁም» አሉ።

እንግዲህ እኔ ፒካፔን የሰጠሁት ለእኚህ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አሳል ሐይቅ ድረስ ለጨው ሠራተኞች ውኃ አወርዳለሁ። አሮጌው ካምቢዮ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ መትፋት ጀምሮ ነበር፤ ስምንት በርሜል ውኃ ከኋላ እየገፋ ማርሽ ከተፋ፣ ፍሬን ብቻውን አይዘውም። ካምቢዮውም ትራንስፈሩም ተቀየሩ። ባለቤቴ ትርሲት ከየት ከየት እንደመጡ ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉህ እኮ!» አለችኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ጠዋት ጋሽ ሽመክት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ጋቢና ገቡ።

«ምነው ጋሼ?»

«ነፋስ ልቀበል።»

እንደ ምድጃ ወደሚፋጀው አሳል ነፋስ ልቀበል ብሎ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ከባዱን ማርሽ አስገባሁ። ከእግራችን ሥር አንድ ነገር አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታው ይበልጥ አስፈራኝ። አፋቸው የማያርፈው ጋሽ ሽመክት ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። በሩ ላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እኔም በየኩርባው የልጆቼን ስም እጠራለሁ።

ማርሹ ሳይተፋ ታች ደረስን።

በርሜሎቹን ሳወርድ ከኋላ ሸራ ሥር እሳቸው ሳላይ የጫኑት አሮጌው ካምቢዮዬ ተኝቷል፤ አጠገቡ ክሪክና የመፍቻ ሳጥን።

«ወንድማማች ናቸው አላሉኝም?»

«ብያለሁ» አሉ፣ አቀርቅረው። «ግን ልጆች አሉህ።»

ሙሰዲቅ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከማንም ደንበኛ የመጀመሪያ ጉዞ ቀርተው አያውቁም። እኔ ግን እዚያው ጨው ላይ ቆሜ ወደድኳቸው። ላቅፋቸው ብጠጋ ቀኝ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው ቆመዋል።

«ምን ይዘዋል?»

እጃቸውን ዘረጉ። የበሩ መያዣ ከነብሎኑ ተነቅሎ መዳፋቸው ላይ ነው።

«አታስብ፤» አሉ፣ «ለዚህም ወንድም አላጣለትም።»