ሰው የማይመጣበት ክፍል

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ይህን የተረተው ሰው መርዛማ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ሠርቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። በእኔ ሙያ ሰው ማለት ላብ ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ ሽቶ ነው፤ ባጭሩ የሙከራ ፀር ነው።

ጅጅጋ በማስተምርበት ዘመን ሦስት ዓመት የለፋሁበት አንድ ቅብ ነበረኝ፤ መስታወት ላይ የተቀባ፣ ከፀጉር እጅግ የሚቀጥን ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር። አሞኒያ የተባለው መርዛማ ጋዝ ሲነካው የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ይቀየርና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። የዶክትሬት ዲግሪዬ የሚጸድቀው ግን በቅድሚያ ንጹሕ አየር ውስጥ መስመሩ ሰባት ቀን ሳይዘል መቆየቱን ካሳየሁ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራችን ደግሞ አቧራውና የባጃጁ ጭስ እንደ አርፋጅ ተማሪ ሳያስፈቅዱ የሚገቡበት ነው። ስለዚህ ወደ ተከራየኋት ክፍል ወሰድኩት፤ የእኔን የአንድ ሰው ትንፋሽ ከመነሻው ቆጥሬለት በሩን ዘጋሁ። ሁለት ዓመት ስኖርባት አንድም ሰው በሯን አንኳኩቶ አያውቅም። እናንተ ብትሆኑ ታዝኑበት ነበር፤ እኔ ለሳይንስ በጀ ብዬ ተጽናናሁ።

በስድስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ክፍሏን ያከራየችኝ የግቢው ባለቤት ኢዶ ሆዳን ናት፤ ኢዶ አክስት እንደማለት ነው። የክፍሌ በር ተዘግቶ ቢሰነብትባት ታሟል ብላ የግመል ወተት ይዛልኝ መጥታለች። በዚያ አገር የወተት ዕቃ በጭስ ሳይታጠን ወተት አይቀዳበትም፤ ሽታው ከበሩ ማዶ ደርሶኛል። ልክፈት? ከውስጥ ዲግሪዬ፣ ከውጭ ሁለት ዓመት ያልመጣ ሰው። ከፈትኩ። መስመሩ ዘለለ። ወተቱን እንዴት እንደጠጣሁት ግን አትጠይቁኝ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

መጠጣቱ ሳይበቃኝ የምሁር ነገር ማስረዳት ጀመርኩ። መሣሪያው ሰው እንደማይወድ፣ እንደገና ሰባት ቀን እንደሚያስፈልገኝ፣ ማንም እንዳይመጣ ነገርኳት።

«እሺ ማሊን» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። ባዶ ዕቃዋን አንስታ ወጣች።

ሰባቱንም ቀን መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዲግሪዬ ተሳካ። በስምንተኛው ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ኢዶ ሆዳን ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች በደጄ ስታልፍ አየኋት። ከኋላዋ ሱቅ ያላት ሌላዋ ተከራይ እያወራች ስትመጣ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ቀስ በይ» አለቻት። «ማሊን ሰው አይወድም።»

ደግነቷ ልቤን በላው። መስማቴን አውቀው እንዳያፍሩ ተነሥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።