ዞብል የሚባል መብራት

ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን አስጭኖ ይሄዳል፤ ልማዱን ግን ማንም አይጭንለትም፤ ራሱ ተንጠላጥሎ ይከተለዋል። አዲስ ቤት በገባችሁ ሰሞን ከእንቅልፋችሁ ባንናችሁ ወደ በሩ ስታመሩ ግድግዳ ተቀብሏችሁ ያውቅ ይሆናል። ግድግዳው ምንም አላጠፋም። እናንተም ብትሆኑ የሄዳችሁት በሩ ወደነበረበት ነው፤ በሩ ሌላ ሰፈር ቀርቶ ነው እንጂ። እኔ በበኩሌ ቤት በቀየርኩ ቁጥር ለአንድ ወር ያህል ግንባሬን እያሻሸሁ ነው የምኖረው።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በቆቦና በአካባቢው ግራና ቀኝ የሚያስፈልጉት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ብቻ ነው ብል ትንሽ አጋነንኩ እንጂ አልዋሸሁም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው ቆመውልን ሳለ እጃችንን እያየን የምንጨነቅበት ምክንያት የለም። ፀጉር አስተካካዬ «አንገትህን ትንሽ ወደ ዞብል» ይለኛል። ጠረጴዛ የሚያስጠጋ ሰው «ወደ ደጋ ሳብ አድርገው» ይባላል። አንድ ጊዜ ጥርሴን ታምሜ ሐኪሙ የትኛው ነው ቢለኝ «በዞብል በኩል ያለው» አልኩት። ሰውዬው ለአገሩ አዲስ ስለነበር ተራራውን በመስኮት አሳየሁት። እኔም የታከምኩበት ወንበር የሚሽከረከር መሆኑን ልብ አላልኩም ነበርና ጤነኛው ጥርሴ ለጥቂት ተረፈ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሥራ ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የአንዲት ትንሽ የተውኔት ቡድን መብራት ሠራተኛ ነኝ። እንዴት ሆንክ ለምትሉኝ፣ አንድ ቀን የተቃጠለ ፊውዝ ቀየርኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚለቀኝ ጠፋ። ያለን ንብረት ሁለት ትልልቅ የመድረክ መብራትና መብራቶቹን ቀስ እያደረገ የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ አንድ ሳጥን ነው። መብራት ከተሰቀለ በኋላ መጠሪያ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ከመሰላል ላይ ያለው ሰውና ሳጥኑ ጋ ያለው ሰው «ያንን!» «የቱን?» ሲባባሉ ይመሻል። የትልቅ ከተማ ሙያተኞች ቁጥር ይሰጡታል አሉ። እኛ ቁጥር አልወደድንም። በቆቦው አዳራሽ ከተመልካቹ በስተቀኝ የሰቀልነውን ዞብል፣ በስተግራ የሰቀልነውን ደጋ አልነው። በዚያ በዚያ በኩል ናቸዋ! ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፈን በገመዳቸውም በሳጥኑም ላይ ለጠፍን። በቆቦ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ተውኔታችን የአንዲት እህትና የወንድሟ ታሪክ ነው። ወንድሟ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ይሞታል፤ መድረኩ ይጨልማል፤ ከዚያ ዞብል ብቻዋን ቀስ ብላ ትበራለች፤ እህቲቱ በሸራ ከተሳለው ቤት ደጃፍ ቆማ ለሞተው ወንድሟ የመጨረሻ ቃሏን ትናገራለች። እህቲቱን የምትጫወተው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ያንን ንግግር ስትጀምር ሰው ማስቲካውን ማኘክ ያቆማል። እኔ ሰው አላደንቅም፤ እሷን ግን አደንቃለሁ።

ዘይነባ የጎብዬ ልጅ ናት፤ ቆቦ የምትኖረው አክስቷ ዘንድ ነው። አባቷ ሼህ እንድሪስ ጎብዬ ላይ እህል ይነግዳሉ። ልጃቸው መድረክ ላይ እንደምትወጣ በሰው በሰው ሰምተው ኖሮ፣ ቡድኑ ተውኔቱን ይዞ ጎብዬ ሊሄድ መሆኑን ሲያውቁ ስልክ ደወሉላት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «መጥቼ አየዋለሁ» አሏት፤ «ካልወደድኩት ግን፣ ልጄ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» ይህንን ስትነግረን የፈራች አትመስልም ነበር። «አንድ ጊዜ ይየኝ ብቻ» አለች። «ካየኝ አይከለክለኝም።»

ጎብዬ ደረስን። አሁን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ በሐሳባችሁ ከእኔ ጋር ዞር በሉ። የቆቦው አዳራሽ ተመልካች ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። የጎብዬው ተመልካች ደግሞ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወልዲያ ነው። ስለዚህ ቆቦ ላይ በስተቀኙ የነበረው ዞብል ጎብዬ ላይ በስተግራው ይሆናል። ይህንን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ብማርም አልተረዳሁትም።

መሰላል ላይ የወጣው ሰይድ ነው፤ ሰይድ የእንጨት ሠራተኛ ሲሆን ከፍታ አይፈራም። «ዞብልን ስቀል!» አልኩት። ሰይድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ ተራራው በቦታው አለ፤ ዞብልን ወደ ዞብል ሰቀላት። ደጋንም ወደ ደጋ። ከሳጥኑ ሆኜ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው።

«ዞብል?» አልኩ።

«ዞብል በርታለች!» አለ ሰይድ።

ቀና ብዬ አየሁ። የዞብል መብራት በዞብል በኩል በርታለች። ከዚህ የበለጠ ምን ትክክል አለ? አንድ የሩቅ አገር ሰው አብሮን ቢኖር ወዲያው ይደርስበት ነበር፤ እኛ ግን ሁላችንም የራያ ልጆች ነን። የተሳለውን ቤት የሰቀሉት ልጆች በበኩላቸው ተራራውን ሳይሆን ተመልካቹን አይተው ልክ እንደ ቆቦው በተመልካቹ ቀኝ ሰቀሉት። ማንም አልተሳሳተም። ስህተቱ ግን ተሠርቶ አለቀ።

በዚያ ላይ አዳራሹ የሚሠሩ ሶኬቶች አነሱት። መላ መታሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ትዕይንቶች በሁለቱም መብራት እናስኬድ፤ ለመጨረሻው ትዕይንት ደጋ ስለማታስፈልግ ስፒናዋን ነቅዬ በእሷ ቦታ የዘይነባን ድምፅ የሚያጎላውን ሞንታርቦ እሰካለሁ። በመላዬ ተደስቼ ነበር።

መስኮቶቹ በሸራ ተሸፈኑ፤ ሰው ገባ። ሼህ እንድሪስ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ደህና ሄደ። ወንድምየው ሞተ፤ መድረኩ ጨለመ፤ ደጋን ነቅዬ ሞንታርቦውን ሰካሁ፤ ዘይነባ ከቤቱ ደጃፍ ስትቆም የእግሯ ኮቴ ተሰማኝ። ዞብልን ቀስ አድርጌ ከፍ አደረግኳት።

ስትበራ የታየው ሟቹ ነው። ወንድምየውን የሚጫወተው ሞላ በወዲያኛው ጥግ በጨለማ ተማምኖ ቁጭ ብሎ ነበር። የለጠፈውን ጢም በግማሽ ልጦ፣ የውሃ ፕላስቲክ አንስቶ እየተጎነጨ ሳለ ነው ብርሃን ያረፈበት። ለሞተ ሰው ብዙ ጠምቶታል። አንድ ሰው ከኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዞብልን አጠፋኋት።

ድቅድቅ ጨለማ። ዘይነባ ያለችበትን የምታበራው ደጋ ናት፤ የደጋ ስፒና ደግሞ እጄ ላይ ነው። መልሼ ልስካት ካልኩ ሞንታርቦውን መንቀል አለብኝ፤ ሞንታርቦው ከተነቀለ ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ ድምፅዋን ይውጠዋል። ስፒናውን ይዤ ስወላውል፣ ዘይነባ ጀመረች። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ወንድሜ» አለች። ሳቁ ቀነሰ። ቀጠለች፤ ሳቁ ጠፋ። ከዚያ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ሆነ። እጄን ከሶኬቱ አነሳሁ። እስክትጨርስ አንድም ሰው አልሳለም።

ሲያልቅ መስኮቱ ተከፈተ፤ ሼህ እንድሪስ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ጓዳችን መጡ። ሞላ ተሸሸገ። ዘይነባ ፊቷን ለመጥረግ እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

«ማሻአላህ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «እኔ ሴት ልጅን ሰው ፊት አቁመው ያሳያሉ ብለውኝ ሰግቼ ነበር። ለካ ጨዋ ናችሁ። እሷ ስትናገር መብራቱን አጥፍታችሁ ከሰው ዓይን ጋረዳችሁልኝ። እንዲህ ከሆነማ ትቀጥል!»

ሰይድ ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት።

«አላህ ይስጥልን አባባ» አልኩ፤ «እንዲሁ ነው ደንባችን።» ዘይነባ የአባቷን እጅ ሳመች።

ወደ ቆቦ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ይስቅ ነበር፤ ሞላ ሳይቀር። ዘይነባ ግን መስኮቱን ተደግፋ ወደ ውጭ ታያለች።

«አብሽሪ እንጂ» አላት ሰይድ፤ «ፈቀዱልሽ እኮ!»

«ሳያየኝ» አለች።

ይህንን መልስ አልወደድኩትም፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራሁት ሥራ አፈርኩ። ልጅቷ የፈለገችው አባቷ እንዲያያት ነበር፤ እኛ ያስገኘንላት እንዳያያት ነው። ይባስ ብሎም ምስጋናውን ተቀበልን።

የመብራቶቹን ስም ለመቀየር ስብሰባ ተቀመጥን። ግራና ቀኝ እንበላቸው ሲባል የማን ግራ፣ የተጫዋቹ ወይስ የተመልካቹ በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀን። በመጨረሻ ቤቱ የተሳለበትን የምታበራውን «ቤት»፣ የወዲያኛውን «ሜዳ» ብለን ተነሣን። ፕላስተሩ ተላጠ፤ አዲስ ተለጠፈ። ሰይድ ብቻ እስካሁን ድረስ ቤትን ስቀል ሲሉት መጀመሪያ በመስኮት ተራራውን ያያል።

ቀጣዩ ትርኢት ዋጃ ነበር። ዋጃ ለጎብዬ ሰው ቅርብ አይደለም፤ ቆቦን አልፎ ነው። ቢሆንም ልንጀምር ስንል ሼህ እንድሪስ ከሚኒባስ ሲወርዱ አየናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ጓዳው ተረበሸ። ሰይድ «እንደ ጎብዬው እናጥፋውና ይለቅ፤ ምን ይጎዳናል?» አለ። ሞላ በግማሽ ደብዘዝ ይደረግ የሚል አስታራቂ ሐሳብ አቀረበ። እኔ ዘይነባን አየኋት። ብናበራው ያ የተገኘው ፈቃድ በዚያው ሰዓት ሊነሣ ይችላል፤ ዕቃዋን ይዛ ጎብዬ ልትገባ ትችላለች። ታውቀዋለች።

«አብሩት» አለች።

ሰዓቱ ሲደርስ ቤትን ቀስ አድርጌ ከፍ አደረግኳት። መብራቷ ሳትስት ዘይነባ ላይ አረፈች፤ ከነቀሚሷ፣ ከነሻሿ፣ ከነዕንባዋ ቁልጭ ብላ ታየች። ብርሃኑ ተርፎ የፊት ወንበሩንም ያዘው፤ ስለዚህ ሼህ እንድሪስን ከሳጥኑ ጋ ሆኜ አያቸዋለሁ። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሡም። አንገታቸውንም አልደፉም። ንግግሯ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም፤ አንድ ጊዜ ብቻ በጥምጥማቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። የእኔ ልጅ የሆነች ያህል ነው የፈራሁላት።

ከዚያ ወደ ጓዳ መጡ። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። ዘይነባ ፊት ለፊታቸው ቆማ ፍርዷን ትጠብቃለች። ሼህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬም መብራቱን አጠፋችሁት፣ አይደል?» አሉ።

ዘይነባ ናት የመለሰችው።

«አዎ አባ፣ አጠፋነው።»

«አብሽሩ። በጨለማም ያምራል፤ በዚሁ ቀጥሉ» አሉ። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ለመሄድ ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ዘይኑ» አሉ፤ «የቀሚስሽ ጠርዝ ተተርትሯል። ሰው ፊት ስትቆሚ አሰፍተሽ ልበሺ።»

ሁላችንም ወደ ቀሚሷ ጎንበስ ብለን አየን። እውነትም ተተርትሮ ነበር።