ድንኳን አከራያለሁ

የተሳካላቸው ሰዎች ስለ አጀማመራቸው ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሁሉም የተነሱት ከባዶ ነው። ከመጠነኛ ነገር የተነሳ፣ አባቱ ሱቅ ስለነበረው የተነሳ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም። ባዶነት እንዲህ ሀብታም የሚያደርግ ከሆነ እኛ የመርሳ ልጆች እስካሁን ምን እየጠበቅን ነው?

ወልድያ ላይ ለወጣቶች በተዘጋጀ ሥልጠና አንድ ባለሀብት ሊመክረን መጣ። ሰውየው መናገር ይችልበታል፣ አይካድም። በባዶ እጁ እንዴት እንደጀመረ ሲተርክ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እንባዋን ጠረገች። በሻይ ሰዓት ግን ባዶው እጅ የመጀመሪያውን አይሱዙ የተቀበለው ከአጎቱ እንደሆነ አንድ የአገሩ ሰው ሹክ አለኝ። በአጎቱ አልቀናሁም፤ አጎት የአላህ ስጦታ ነው። የከነከነኝ አጎትየውን ከታሪኩ ማውጣቱ ነው። አጎት የሌለው ወጣት ቤቱ ገብቶ “ለካ ሰነፍ ነኝ” ብሎ ሲተኛ ማን ይጠየቃል?

ምክሩ ግን ልቤ ገባ። በከተማችሁ የሌለውን ነገር ፈልጉ፣ ከዚያ ማንንም አትስሙ ነበር ያለን። ወደ መርሳ ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት የሌለውን ነገር ስፈልግ መጣሁ። ማንጎ አለ። ሽንኩርት አለ። ባጃጅማ ከሰዉ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ልክ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ተገለጠልኝ፤ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ የለም። በዚህ ሁሉ ሰርግ አንድም አከራይ! እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላሰበውም ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ መልሱን አለመጠበቄ ነው ጉዱ።

ማንም ያላሰበው ቅሬ ስላለ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ሰፈር የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ቅሬው አንድ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ የሁሉም ነው፤ ሰው ሲሞትም ሲዳርም በነጻ ይወጣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚያው ድንኳን ሥር ስንት ሰርግ በልቻለሁ። ግን ሥልጠና የወሰደ ሰው መጀመሪያ የሚረሳው የሚያውቀውን ነው።

የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ለቀቅሁ፣ እናቴ የምታልባትን ላም ሸጠችልኝ፣ ደሴ ሄጄ ነጭ ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር አስጭኜ መጣሁ። በከፈትኳት ሱቅ በር ላይ “ለሰርግና ለሐዘን ድንኳን እናከራያለን” ብዬ ጻፍኩ። ሐዘን የምትለዋ ቃል ጉድ አፈላች። ሰው እንዲሞት የምትጠብቅ ተባልኩ። የሚያስለው ሁሉ በሱቄ በር ላለማለፍ መንገድ መሻገር ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችንን ጤናዋን ብጠይቃት ምን ሆንኩ አልኩሽ ብላ ተቆጣችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ቅሬው ጠራኝ። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው፤ የሰፈሩን ሙት ሁሉ በወጉ ያስቀበሩ፣ ቀልድ የማይወዱ ሰው። ክሱ አጭር ነበር፤ መረዳዳትን ሸቀጥ አድርጋለች። ወይ ሱቁን ልዝጋ፣ ወይ እኔና እናቴ ከቅሬው እንሰረዝ። ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛውን የሚሸከምለት የለም። እናቴ ወሬውን በሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። “ልጄ፣ ድንኳኑን ሽጪው። እኔን ማን ይቀብረኛል?” አለችኝ። ላሟን ስትሸጥ ፊቷ ያልተለወጠ ሴትዮ እንዲህ ስትል አንጀቴን በላችው።

ቢሆንም መልስ በምሰጥበት ስብሰባ ላይ አልዘጋም አልኩ። በእኛ ቅሬ ስብሰባ ሴት ልጅ ተነስታ ስትሟገት ብዙም አልተለመደም። ድምፄ ግን እምቢ ብሎ ከፍ አለ። “ጋሽ ይመር፣ ስሞት ሁላችሁም እንደምትደርሱልኝ አውቃለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን ገና አልሞትኩም። እስከዚያው ምን ልብላ?” አልኳቸው። እሳቸው ጢማቸውን ዳሰሱና ፍርዱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር አሉ።

ከዚያ ስብሰባ በፊት ጋሽ ይመር ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። የቅሬው ድንኳን ግቢያቸው ተተከለ፤ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ከወልድያ ተነስቷል። በዚያው ጠዋት አባ ካሣ የሚባሉ አዛውንት ጎረቤታችን አረፉ። የቅሬ ደንብ ደግሞ ሐዘንና ሰርግ ከተገናኙ ድንኳኑ የሐዘን ነው ይላል። ይህን የሚያስፈጽመው ማነው? ዳኛው። ጋሽ ይመር ከገዛ ልጃቸው ሰርግ ድንኳኑን አስነቅለው ወደ ለቅሶ ቤት ላኩት። ከሳሼ ቢሆኑም ኮራሁባቸው።

ትንሽ ቆይተው ሱቄ መጡ። የእናቴን ጤና ጠየቁ። የመርሳ ፀሐይ ዘንድሮ አናት እንደሚበሳ ነገሩኝ። ወንበሮቹን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ጨካኝ በሉኝ፤ ኪራይ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሳልሰማ አንድ ካስማ ላላነሳ ቆርጬ ነበር። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ እስቲ ያን ድንኳን አከራዪኝ አሉ። ለቅሬ አባል ቅናሽ እንደሌለ ገለጽኩላቸው፤ ሙሉውን ከፈሉ። ከዚያ እሳቸው ወደ ቀብር ሄዱ፣ እኔ ከሰርገኛ ዘመዶቻቸው ጋር ድንኳን ስተክል ዋልኩ። ለአባ ካሣ ሲባል ከበሮው ቢቀርም ሙሽሮቹ በጥላ ተቀመጡ፤ ከወልድያ የመጡት እንግዶችም ድንኳኑን አይተው ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ።

ምክር የምትፈልጉ ወጣቶች እዚህ ጋ ስሙኝ። በከተማችሁ የሌለ ነገር ስታገኙ ለምን እንደሌለ ጠይቁ፤ መልሱን ሰምታችሁም ካመናችሁበት ጀምሩት። ሲቆጧችሁ ጸንታችሁ ቁሙ፣ ግን ጥላችኋቸው አትሂዱ። የረዳችሁንም ከታሪካችሁ አታውጡ። እኔ አጎት አልነበረኝም፤ ላም ነበረችን።

የፍርዱ ቀን ደረሰ። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ልጃቸውን በድንኳኔ የዳሩ ሰው ምን ብለው ሊፈርዱብኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ። ጋሽ ይመር ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ሱቁ ትንፍሽ አላሉም። “ይቺ ልጅ አባ ካሣ ለቅሶ ላይ አልተገኘችም። በደንባችን መሠረት ትቀጣ” ብለው ተቀመጡ።

የት እንደዋልኩ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በማን ግቢ ካስማ ስመታ እንደነበር ልናገር ብድግ ስል እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። “ዝም በይ፤ የሚቀጣው አባል ነው” አለችኝ። ቅጣቱን ጋሽ ይመር በከፈሉኝ በዚያው ብር ከፈልኩ። እናቴ ግን ያን ቀን ከቤት ቤት እየዞረች፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን ቀጡልኝ” ስትል ዋለች።